ማመልከቻው መዝገብ ቤት ቀረ፣ እኛ ግን ገባን

የመንደራችን ምንጭ እንዲጎለብት የጠየቅነው እንደማንኛውም ሰው በማመልከቻ ነው። እድርተኛው ፈረመ፣ ቀበሌው ማህተም አሳረፈበት፣ ወረዳው መዝገብ ቤት ገቢ ሆነ። ከዚያ ወዲያ በስልክ የምንሰማው «እየታየ ነው» የሚል ብቻ ሆነ።

በአካል መሄድ ጀመርን። በሰሜን ሸዋ ደጋ ውርጭ ማልዶ መውጣት ቀልድ አይደለም፤ ሄዶም «ስብሰባ ላይ ናቸው» መባል አለ። አንድ ቀን ግን የውሃ ባለሙያው ወንበር ስቦ ከሽማግሌዎቹ አጠገብ ተቀመጠና «አባባ፣ እውነቱን ልንገርዎት፤ የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ነው የሚጀምረው። ምንጩ እቅድ ውስጥ እንዲገባ ከፈለጋችሁ በሚያዝያ ኑ። የውሃ ኮሚቴ አቋቁማችሁ ለጥገና መዋጮ መጀመራችሁን የሚያሳይ ቃለ ጉባኤም ያዙ» አለ። ይህን በደብዳቤ ማን ይጽፍልናል?

ትልቁ ሥራ ግን እዚያው መንደር ነበር። ቴሌግራም ላይ ሁሉም «እሺ፣ አብረን ነን» ይላል፤ ቀበሌ ስብሰባ ላይ ደግሞ የሚናገሩት ሁልጊዜ የሚናገሩት ወንዶች ናቸው። ስለዚህ ሴቶቹ ጀሪካን ደርድረው ወረፋ ወደሚጠብቁበት ወረድን። ከታችኛው መንደር የመጡ አንዲት እናት መቀነታቸውን እያጠበቁ «አንተ ልጅ፣ እናንተ በሲሚንቶ ስትዘጉት የእኛ ከብት ምን ሊጠጣ ነው?» አሉኝ። ለካ የታችኛው መንደር ሰው ያልፈረመው ለዚህ ኖሯል! ባለሙያው ቦታው ድረስ ሲመጣ ጥያቄያቸውን ራሳቸው አቀረቡለት፤ የሚተርፈው ውሃ ወደ ከብት ማጠጫ ገንዳ እንዲወርድ ተስማማን። እነሱም ፈረሙ። ምንጩም ተሠራ፤ ገንዳው ከነአጥሩ አለ።

በነገራችን ላይ እንዲህ ተነጋግሮ መስማማት ለአገሩ አዲስ አይደለም። የመንዝ ሰው ጓሳ የሚባለውን የጋራ የሣር መሬቱን ለዘመናት የጠበቀው ቄሮ በሚባል ባህላዊ ሥርዓት ነው፤ ሳሩ የሚዘጋውና የሚከፈተው በአባ ቄራ መሪነት፣ ባለመብቶቹ በተስማሙበት ጊዜ ነበር። ሥርዓቱ የተዳከመው ከ1967ቱ የመሬት አዋጅ በኋላ ነው።

ለሚሞክር ሰው፦ በብዛት አትሂዱ። ሁለት ሽማግሌ፣ ውሃውን ራሷ የምትቀዳ ሴትና ጽሑፍ የሚችል አንድ ወጣት ይበቃሉ። ማን እንደሚናገር መንገድ ላይ ተስማሙ፤ ቢሮ ውስጥ እርስ በርስ መተራረም ጉዳዩን ይገድለዋል። ቅሬታ ብቻ ሳይሆን ሕዝቡ ያዋጣውን ድንጋይ፣ አሸዋና ጉልበትም ተናገሩ።

በቃል የተባለውን ደግሞ በቃል አትተዉት። ሹም ይቀየራል፣ አዲሱ ስለ እናንተ የሚያውቀው ነገር የለም። እኛ ከየውይይቱ በኋላ «በተነጋገርነው መሠረት» ብለን ደብዳቤ አስገብተን በቅጂው ላይ ቀንና ቁጥር እናስመታ ነበር። ኃላፊው ሲነሳ ያንኑ ቅጂ ይዘን አዲሱ ደጅ ቆምን።