ባሕር ዛፉን በአንድ ጊዜ ያስቆረጥኩበት ዓመት

ከእንጦጦ በስተጀርባ፣ ወደ ሱሉልታ በሚወርደው ተዳፋት ላይ የምትገኘው ግማሽ ሄክታር የምታህል ይዞታችን ከአያቴ ዘመን ጀምሮ በባሕር ዛፍ የተሸፈነች ነበረች። የአረንጓዴ አሻራ ዘመቻ በ2011 ዓ.ም. ሲጀመር እኔም አገር በቀል ዛፍ ለመትከል ወስኜ ግንቦት ላይ ባሕር ዛፉን አንድም ሳላስቀር አስቆረጥኩት። ሐምሌ ላይ የጣለው ዝናብ የተራቆተውን መሬት አጥቦ የእኔን ቦታ ጉልበት በሚደርስ ቦረቦር ሰነጠቀው፤ ከግርጌ ያለውን የጎረቤቴን የገብስ ቡቃያም በደለል ቀበረው። አዛውንቱ ጎረቤቴ ግን አልተቆጡኝም፤ «ልጄ፣ ከዛፉ በፊት ውሃው በየት እንደሚሄድ ተመልከት» ብቻ አሉኝ።

በዚያው ክረምት ከተከልኳቸው የጽድ፣ የወይራና የኮሶ ችግኞች አብዛኞቹ ለጥቅምት አልደረሱም። አንዱን ነቅዬ ሳየው ሥሩ በጥቁሩ ፕላስቲክ ውስጥ እንደ ክር ተጠቅልሎ ቀርቷል፤ ሠራተኞቹ ፕላስቲኩን ሳይቀዱ ነበር የተከሉት፣ እኔም ቆሜ አላየሁም።

የአየር ንብረት ለውጥ በይነ መንግሥታት ፓነል እ.ኤ.አ. በ2019 ስለ መሬት ባወጣው ልዩ ሪፖርት፣ ከ2007 እስከ 2016 ባሉት ዓመታት ሰዎች ከለቀቁት የሙቀት አማቂ ጋዝ 23 በመቶ ያህሉ ከግብርና፣ ከደንና ከሌላ የመሬት አጠቃቀም የመጣ መሆኑን ያነበብኩት ከዚያ በኋላ ነው። ካርቦን የሚከማቸው በግንድ ውስጥ ብቻ ሳይሆን በአፈርም ውስጥ በመሆኑ፣ ጎርፉ ወደ ሙገር ወንዝ ይዞት የሄደው ጥቁር አፈር ችግኞቼ በብዙ ዓመት የማይተኩት ሀብት ነበር።

በቀጣዩ የበጋ ወቅት ሥራውን ከላይ ጀመርን። በሁለት ዘንጎች መካከል በተወጠረ ገመድ ላይ ውሃ ልክ ሰቅለን እኩል ከፍታውን እየተከተልን ግማሽ ሜትር ጥልቀት ያላቸውን ቦዮች ቆፈርን፤ በቆፈርነው አፈር እርከን ሠርተን በላዩ ዴሾ ሳር ተከልን፤ ቦረቦሩንም በድንጋይ ክትር ዘጋነው። ችግኞቹን የተከልነው ዝናቡ በደንብ ከያዘ በኋላ፣ ፕላስቲኩን አንድ በአንድ ቀድደን ነው።

ከጉቶው ያቆጠቆጠውን የላይኛውን ባሕር ዛፍ ግን አልነቀልኩትም። ከዳግማዊ አፄ ምኒልክ ዘመን ጀምሮ የአዲስ አበባን ማገዶ የሸፈነውን ዛፍ በአንድ ጊዜ ማጥፋት፣ አፈሩን ሊያዳብር የሚገባው እበት ኩበት ሆኖ እንዲነድ ማድረግ እንደሆነ በራሴ ቤት ምድጃ አይቻለሁና፤ ውሃ መጣጭ መሆኑን ስለማውቅ ከምንጩ አጠገብ ያለውን ብቻ አስወገድኩ።

ባለፈው ጥር ከቦዩ በታች አንድ ክንድ ያህል ስቆፍር እጄ ላይ የቀረው አፈር እርጥብ ነበር፤ ከእርከኑ ውጭ ባለው ቦታ በዚያው ጥልቀት ያገኘሁት ግን ደረቅ ጓል ነው። ቦዮቹ በደለል ስለሚሞሉ በየዓመቱ ግንቦት ላይ እንጠርጋቸዋለን፤ የሚወጣውን ደለልም ጎረቤቴ ወደ ገብስ ማሳቸው ይወስዱታል።