ቀኑ የተቆረጠ ቻርት

ባሕር ዳር፣ ሽምብጥ፣ እናቴ ሳሎን ውስጥ ቡፌው ጎን አንድ ፕሪንተር አለ። እማዬ ዳንቴል አልብሳዋለች። አፕሮች ቻርት የማወጣው በእሱ ነው። ለማያውቅ ሰው፣ አፕሮች ቻርት ደመና ውስጥ ሆነህ መሬት ሳታይ ወደ ማኮብኮቢያው የምትወርድበት ወረቀት ነው። የት ቦታ ላይ ከስንት ጫማ በታች መውረድ እንደሌለብህ፣ ስንት ጫማ ደርሰህ ማኮብኮቢያው ካልታየህ መልሰህ መውጣት እንዳለብህ፣ ስትወጣም በየት በኩል እንደሆነ እዚያ ላይ ተጽፏል።

እኔ ካራቫን በምትባል ትንሽ አውሮፕላን ላይ ረዳት አብራሪ ነኝ። ቻርቱ ታብሌት ላይ አለን። ታዲያ ወረቀቱ ምን ያደርጋል የሚለኝ ሰው፣ ታብሌት በመጋቢት ፀሐይ መስታወት ሥር ተቀምጦ ሲግል ራሱን ሲያጠፋ አይቶ አያውቅም ማለት ነው። ከአዲስ አበባ ወደ ባሕር ዳር ቀጥታ ብትመጣ መንገድህ ጮቄ ላይ ነው። ጮቄ ከ4000 ሜትር በላይ፣ በእኛ ቋንቋ ከ13,000 ጫማ በላይ ነው፤ ጣና ደግሞ 1800 ሜትር ገደማ። ያን ሁሉ ቁልቁለት በነሐሴ ደመና ስትወርድ ጉልበትህ ላይ የማይጠፋ ነገር ቢኖር ይሻላል።

አሠራሩ ቀላል ነው። ፒዲኤፉን ታወርዳለህ፣ የምትሄድባቸውን የአውሮፕላን ሜዳዎች ትመርጣለህ፣ ኤ4 ላይ ታትማለህ፣ በክሊፕ ትይዛለህ። ፈሳሽ ቀለም የሚረጭ ፕሪንተር (ኢንክጄት) አትግዛ፤ ከተርሚናል እስከ አውሮፕላኑ ባለው ካፊያ ቁጥሮቹ ይቀልጣሉ። ሌዘር ግዛ። ሌዘር ያወጣውን ደግሞ ለስላሳ ፕላስቲክ ውስጥ አትክተት፤ ስታወጣው ጽሑፉ ፕላስቲኩ ላይ ተለጥፎ ይቀራል። በጥቁርና ነጭ አትም፤ ሌሊት በቀይ መብራት የምታነብ ከሆነ በቀይ የተጻፈ ነገር አይታይም። ወረቀት ለመቆጠብ ብለህ ፊትና ጀርባ አትጠቀም።

አሁን ወዳቃጠለኝ ነገር ልምጣ።

ቻርት በ28 ቀን አንዴ ይታደሳል፣ በዓለም ሁሉ በአንድ ቀን፣ ሁልጊዜ ሐሙስ። ኤይራክ ይባላል። በዓመት 13 ዙር ነው፤ እንደኛ ወራት 13 መሆኑ መጀመሪያ ላይ አስደስቶኝ ነበር፣ ግን ሒሳቡ ከእኛ አቆጣጠር ጋር አይገጥምም። በግሪንዊች እኩለ ሌሊት ማለት በእኛ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ስለሆነ፣ ረቡዕ ማታ አትሜ መተኛት ልማዴ ነው። በየዙሩ ሁሉም ገጽ አይለወጥም። አብዛኛው ያው የድሮው ነው። የሚያዘናጋውም ይኸው ነው፤ አሮጌው ከአዲሱ በአንድ ቁጥር ብቻ ቢለይ ዓይንህ አይነግርህም። የሚነግርህ ገጹ ጠርዝ ላይ በደቃቅ ፊደል የተጻፈው ቀን ነው።

የመሥሪያ ቤታችን መመሪያ ደግሞ ቻርት ሲታተም 100 በመቶ ይሁን፣ መጠኑ አይቀነስ ይላል። እኔም ታዛዥ ነኝ፣ 100 በመቶ አልኩት። የቤት ፕሪንተር ግን እስከ ወረቀቱ ዳር ድረስ አያትምም፤ በየጎኑ ጥቂት ሚሊሜትር ይተዋል። በእኔ ፕሪንተር እዚያ ጥቂት ሚሊሜትር ውስጥ የገባው ያ ቀን ነበር። ወራት ሙሉ ቀን የሌለው ቻርት ሳወጣ አላስተዋልኩም። ሥዕሉ አለ፣ ቁጥሩ አለ፣ ሁሉም ነገር ጥርት ብሏል፤ የጎደለውን ማን ይፈልጋል?

ነሐሴ ነበር፣ ረቡዕ ማታ፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን እየደበደበው። 18 ገጽ ላክሁ። ሰባተኛው ገጽ ግማሽ ወጥቶ ሳለ መብራት ሄደ። ዩፒኤስ (መጠባበቂያ ባትሪ) ላይ ሰክተህ ቢሆን የምትለኝ ወንድሜ፣ ሌዘር ፕሪንተር ሲሞቅ የሚስበው ኃይል ትንሽ ዩፒኤስ አይችለውም፤ ሞክሬ ጮሆብኛል። የላፕቶፑም ባትሪ የሞተ ስለሆነ እሱም አብሮ ጠፋ። እማዬ ሻማ አበራች፣ እራት በላን፣ ጋደም አልኩ።

መብራት የመጣው ከሌሊቱ 6 ሰዓት አልፎ ነው። በእንቅልፍ ዓይኔ ላፕቶፑን ከፈትኩ። ፋይሉን ፈልጌ ነካሁት፣ ከ7 እስከ 18 አልኩ፣ አወጣሁ፣ ከፊተኞቹ ስድስት ጋር በክሊፕ ያዝኩ። የከፈትኩት ግን ያለፈውን ዙር ነበር። ሁለቱም አንድ ስም አላቸው፤ ልዩነታቸው ኮምፒውተሩ ራሱ መጨረሻው ላይ የለጠፋት ቅንፍ ውስጥ ያለች 1 ናት። እኔው ነኝ አሮጌውን ሳልሰርዝ የተውኩት፤ ይህን በማንም አላመካኝም።

በማግስቱ በረራ ላይ ለመውረድ ስንዘጋጅ ካፒቴኑ ከታብሌታቸው ጮክ ብለው ያነባሉ፣ እኔ በወረቀቴ እከተላለሁ። ደህና ሄድን። ማኮብኮቢያው ካልታየ መልሰን ስንወጣ የምንይዘው ከፍታ ላይ ስንደርስ እሳቸው አንድ ቁጥር አሉ፣ የእኔ ወረቀት ሌላ።

«ድገሙልኝ ካፒቴን» አልኩ።

ደገሙት። ያው ነው።

«የማን ዘመን ቻርት ነው የያዝከው?» አሉኝ።

ቀኑን ላሳያቸው ጣቴን ወደ ጠርዙ ወሰድኩ። ጣቴ ነጭ ወረቀት ላይ ቆመ። የእድሳቱ ቁጥር መሆን ያለበት ቦታ ላይ የፊደሎቹ አናት ብቻ፣ እንደ ጉንዳን መስመር፣ ተቆርጦ ይታያል። ያቺን የተቆረጠች መስመር እስካሁን አልረሳትም። ካፒቴኑ ምንም አልተናገሩም፤ እጃቸውን ዘርግተው ክሊፑን ወሰዱና ከኋላቸው አስቀመጡት። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። ቀኑ ብራ ስለነበር ሜዳው ከሩቅ ታየ፣ በዓይን ወረድን። ደመና ቢሆንና ታብሌቱ ቢጠፋስ የሚለውን ለብቻዬ ማታ ማታ ሳስበው ኖሬያለሁ።

ቤት ስመለስ 18ቱንም ሳሎን ምንጣፍ ላይ ደርድሬ ከፋይሉ ጋር አመሳከርኩ። 12ቱ የድሮ ዙር ናቸው። ከ12ቱ የተለወጡት ሁለት ብቻ ናቸው፤ አንዷ ያቺ ናት።

ሪፖርት ጻፍኩ። ጠርዙ የሚቆረጠው በ100 በመቶ ስለምናትም ነው፣ ገጹን አሳንሶ ወረቀቱ ላይ የሚያስገባውን «ፊት» (Fit) የሚለውን ምርጫ ብንመርጥ ገጹ እንዳለ ይገባል አልኩ። የመጣልኝ መልስ መመሪያውን ራሱን ኮፒ አድርጎ «ይህን ያክብሩ» የሚል ነበር። በአካል ሄድኩ። የተቀበለኝ ሰው የተቆረጠችውን ገጽ ዓይኑ ሥር አድርጌለት ሳለ «ፕሪንተርህን ቀይር» አለኝ። መጠኑ ከተቀነሰ የቻርቱ ልኬት ይበላሻል ነው ክርክሩ።

እስቲ እንየው። እኔ በማስመሪያ ለካሁት። «ፊት» ሲባል የእኔ ፕሪንተር ገጹን ወደ 96 በመቶ ያወርደዋል። 100 ሚሊሜትር የነበረው 96 ሆነ። ነገር ግን ቻርቱ ላይ የተሣለው የርቀት መለኪያ መስመርም አብሮ አንሷል፣ ስለዚህ በእሱ ከለካህ ልክ ነው። የሚዋሸው በቁጥር የተጻፈው የልኬት ንጽጽር ብቻ ነው። ደግሞስ ኮክፒት ውስጥ አፕሮች ቻርት ላይ ማስመሪያ ሲያስቀምጥ የታየ አብራሪ ማን ነው? የምናነበው ቁጥር ነው፤ ቁጥር በ96 በመቶም ቁጥር ነው። ቀን የሌለው ሙሉ መጠን ከሚሰጡኝ ቀን ያለው ትንሽ ቢሰጡኝ እመርጣለሁ። መመሪያው እስካሁን አልተለወጠም፣ እኔም አልተለወጥኩም።

አሁን የማደርገው እንዲህ ነው። አዲሱን ከማውረዴ በፊት አሮጌውን ፋይል እሰርዛለሁ። መሃል ላይ መብራት ከሄደ የወጣውን ሁሉ ጥዬ ከአንድ እጀምራለሁ፣ የወረቀቱ ዋጋ ቢያንገበግበኝም። እያንዳንዱ ገጽ አናት ላይ ቀኑን በእስክሪብቶ፣ በትልቁ፣ በፈረንጆቹ አቆጣጠር እጽፋለሁ። አንዴ ሳላስበው በእኛ ጽፌ እዚያው ግራ ተጋብቻለሁ። ከዚያ ታናሽ እህቴን ጠርቼ ከፍታዎቹን ከወረቀቱ ታነብልኛለች፣ እኔ ከስክሪኑ አያለሁ። እሷ ስለ በረራ ምንም ስለማታውቅ ያለውን ብቻ ነው የምታነበው፤ እኔ ግን የለመድኩትን ነው የማነበው። ለዚህ ሥራ ከጓደኛ አብራሪ እሷን እመርጣለሁ።

አሮጌዎቹን ወረቀቶች ድሮ እጥል ነበር፣ የምጥላቸው መስሎኝ ማለቴ ነው። አንድ ቀን እማዬ ለእንግዳ አረቄ ስትቀዳ የጠርሙሱን ውታፍ አየሁት። የባሕር ዳር አፕሮች ነው፣ ተጠቅልሎ። ፈትቼ ቀኑን ፈለግሁ፣ የለም። ያ ወረቀት ከጠርሙስ አፍ ይልቅ ቦርሳዬ ውስጥ ተገኝቶ ቢሆን ኖሮ የአሁኑ ነው ብዬ እይዘው ነበር።

ከዚያ ወዲህ አሮጌውን በመቀስ አራት ቦታ እቆርጣለሁ። እማዬ ደስ አላላትም። ሩብ ገጽ ጠቅልላ ስትከተው ውስጥ እየሰመጠባት፣ «ይኼ ደግሞ ምን ያደርግልኛል፣ ሙሉውን ተውልኝ እንጂ» ትለኛለች በየእድሳቱ ሐሙስ።