የእቁብ ብር፣ የአባቴ ቤት እና የለንደኗ ጠበቃዬ

ለንደን ላይ ቤት ልገዛ ነው ስላት እናቴ በስልክ መጀመሪያ የጠየቀችኝ "ካርታውን አይተሻል?" ብላ ነው። አላየሁም። ሻጩንም አላየሁትም። አዲስ አበባ ቢሆን ሻጭና ገዢ ውልና ማስረጃ ሄደው ይፈርማሉ። እዚህ ነገሩ በሁለት ጠበቆች መካከል ያልቃል። የራሴን ጠበቃ እንኳ ያየኋት ሁለቴ ነው፤ ያውም በቪዲዮ። ካርታ በሚባለው ፋንታ ደግሞ የላንድ ሬጂስትሪ፣ የመንግሥቱ የንብረት መዝጋቢ፣ መዝገብ አለ። 7 ፓውንድ የከፈለ ማንም ሰው ቅጂውን ማውረድ ይችላል። አውርጄ ለእናቴ ላክሁላት። "ማኅተም የለውም እኮ" አለችኝ።

ጠበቃ ፍለጋው የተጀመረው በደላላው ነው። "የምናውቀው ቢሮ አለ፣ 750 ፓውንድ ብቻ" አለኝ። ልፈርም ስል አንዲት የሥራ ባልደረባዬ "ደላላው ከዚያ ውስጥ ስንት እንደሚያገኝ ጠይቂው" አለችኝ። ጠየቅሁት። 200 ፓውንድ! ክልክል አይደለም፣ ግን ሊነግሩሽ ይገባል። ከዚያ በኋላ ሌሎች ሦስት ቢሮዎች ጋ ደወልኩ። ፋይሌን የሚይዘው ማነው? ጠበቃ ነው ወይስ ረዳት? ዋጋው ቫትን ይጨምራል? ግዢው ቢፈርስስ ምን እከፍላለሁ? ለቤቱ የሚያበድረኝ ባንክ አብሯቸው በሚሠራ ጠበቆች ዝርዝር ውስጥ ናችሁ? የመጨረሻውን ጥያቄ የምትረሱ ከሆነ የቀሩትን ተዉት። በዝርዝሩ ውስጥ የሌለ ጠበቃ ከያዛችሁ ባንኩ የራሱን ጠበቃ ያቆማል፣ ሂሳቡ ወደ እናንተ ይመጣል። ለነገሩ ያ 750 ፓውንድም ቫቱ፣ የአፓርታማ ጭማሪው፣ የገንዘብ ማስተላለፊያው ሲደመር ወደ 1,600 ይጠጋ ነበር።

የመረጥኳት ጠበቃ ጎበዝ ናት። ችግሩ እኔ ነበርኩ።

የመጀመሪያው የእቁብ ነገር ነው። ጠበቆች በሕገወጥ ገንዘብ መከላከያ ሕጉ ምክንያት የእያንዳንዱን ፓውንድ ምንጭ መጠየቅ አለባቸው። የስድስት ወር የባንክ ወረቀት ላክሁ። በማግስቱ ኢሜይል መጣ። በአንድ እሑድ ከ11 የተለያዩ ሰዎች እኩል እኩል 1,000 ፓውንድ ገብቷል፤ እነዚህ ሰዎች ማን ናቸው? ዕጣዬ የወጣበት እሑድ ነበር። እቁብን ለእንግሊዝ ጠበቃ ማስረዳት ቀላል አይደለም። "ብድር ነው?" አይደለም። "ስጦታ?" እሱም አይደለም። ስጦታ ቢሆን ባንኩ ከእያንዳንዱ ሰው "በቤቱ ላይ ምንም መብት የለኝም" የሚል ደብዳቤ ይፈልጋል።

ያዳኑኝ የእቁባችን ጸሐፊ ናቸው። እትዬ የምንላቸው ትልቅ ሴት ናቸው፤ ከ1990ዎቹ ጀምሮ በአንድ ጥቁር ደብተር ይጽፋሉ። ወጥ ቤታቸው ጠረጴዛ ላይ ቁጭ ብለን ገጹን ፎቶ አነሳን። በቀይ እስክሪብቶ ስሜ አጠገብ "ወጣ" ይላል። እኔ በየወሩ የከፈልኩትን ከባንክ ወረቀቴ ላይ አሰመርኩበት፣ እሳቸው አንድ ገጽ ደብዳቤ ፈረሙልኝ። "ልጄ፣ ፖሊስ ነው እንዴ የሚያነበው?" አሉኝ። ሦስት ሳምንት ፈጀብኝ። በባንክ ስለገባ ነው እንጂ በጥሬ ብር ቢሆን ኖሮ የሚቀበለኝ አልነበረም።

ሁለተኛው ይበልጥ ያናድዳል። ቅጹ ላይ አንዲት መስመር ነበረች፦ በየትኛውም አገር ቤት ኖሮዎት ያውቃል? "የለም" አልኩ። ውሸት አልመሰለኝም። አባታችን ሲያርፍ መካኒሳ ያለው ቤታችን ግማሹ የእናታችን ሆነ፣ ግማሹ ለአራታችን ተከፈለ። ካርታው በአምስታችን ስም ዞሯል። የእኔ ድርሻ አንድ ስምንተኛ ናት። ቁልፉ እንኳ የለኝም። አንድ ሌሊት ግን ከእንቅልፌ ባነንኩ።

ጠዋት ደወልኩ። ጠበቃዬ ትንሽ ዝም ብላ የውጭ አገር ንብረት ግብር እሷ እንደማትሠራ ነገረችኝና ወደ ግብር አዋቂ ላከችኝ። መልሱ አጭር ነበር። በእንግሊዝ "ለመጀመሪያ ጊዜ ቤት ገዢ" የሚባለው በዓለም ላይ የትም ቦታ፣ በውርስም ቢሆን፣ የቤት ድርሻ ኖሮት የማያውቅ ነው። ቤቱ 380,000 ፓውንድ ነው። የመጀመሪያ ገዢ ብሆን ስታምፕ ዲዩቲው፣ የቤት ግዢ ግብሩ፣ 4,000 ነበር። ሆነብኝ 9,000። ያቺ አንድ ስምንተኛ 5,000 ፓውንድ አስከፈለችኝ። ለሁለተኛ ቤት ከሚጨመረው 5 በመቶ ግን ተርፌያለሁ፤ የወረስኩት ከግማሽ በታች ነው፣ ሦስት ዓመትም አልሞላውም። ዝም ብልስ? የግብሩን ቅጽ በ14 ቀን ውስጥ የምትልከው ጠበቃዋ ብትሆንም የተሳሳተ ከሆነ ተጠያቂዋ እኔ ነኝ።

የተቀረው መደበኛ ነገር ነው። የመንደሩ አስተዳደር፣ የውሃና ፍሳሽ፣ የአካባቢ ምርመራ፤ መጠበቅ ብቻ። ጠበቃ ቤቱን ሄዶ አያይም፣ ስለ ጣሪያው የሚነግራችሁ ባለሙያ ለብቻው ይቀጠራል። አንድ የጠቀመኝ ጥያቄ ግን አለ። እኛ ሊዝ ሲባል የሚታየን የመንግሥት መሬት ነው፤ እዚህ አፓርታማ ራሱ ብዙ ጊዜ በሊዝ ነው። "ስንት ዓመት ቀረው?" አልኳት። 84። ከ80 በታች ከወረደ ማራዘሚያው ይወደዳል። ይህን የሚያስቀር ሕግ በ2024 ወጥቶ ነበር፤ እኔ ስገዛ ግን ያ ክፍሉ ሥራ ላይ አልዋለም። በዚህ ተከራክረን ዋጋው ከ392,000 ወደ 380,000 ወረደ።

ውል እስኪለዋወጡ ድረስ ሻጩም እኔም ሐሳባችንን መቀየር እንችል ነበር። ከዚያ በኋላ ግን 10 በመቶው፣ 38,000 ፓውንዱ፣ ቀብድ ነው፤ ብትተዪው ይበላል። ገንዘቡን የላክሁ ጊዜ እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር። ጠበቃዬ መጀመሪያውኑ "የሒሳብ ቁጥራችን ተቀየረ የሚል ኢሜይል ከመጣ እንዳታምኚው" ብላኝ ስለነበር ደውዬ ቁጥሩን አንድ በአንድ አስነበብኳት።

ባለፈው ሳምንት ከእቁባችን አንዷ ቤት ልትገዛ እንደሆነ ነገረችን። እሷም በ380,000 አካባቢ ነው የምትፈልገው። ሲኤምሲ ቪላ አላት። "ለመሆኑ ጠበቃሽ ያውቃል?" አልኳት። "የአዲስ አበባ ቤት እዚህ ምን አገባው?" አለችኝ። ናፕኪን አንስቼ 9,000 ላይ የሁለተኛ ቤቱን 5 በመቶ፣ 19,000፣ ደምሬ 28,000 ብዬ ጻፍኩላት። ስኒዋን አስቀምጣ ስልኳን ፈለገች።