ፈጣን እጅ አለሽ ይሉኝ ነበር

ድሬዳዋ ውስጥ 6 ዓመት በነርስነት ሠርቻለሁ፤ አብዛኛውን ጊዜ ድንገተኛ ክፍል። "ፈጣን እጅ አለሽ" ይሉኝ ነበር።

አንድ ሌሊት ምጥ የተፋፋመባት ሴት በባጃጅ መጣች። የልጁ ራስ ብቅ ብሏል። አዋላጇ እስክትጠራ ልጁ እጄ ላይ ወጣ፤ አለቀሰ፤ ተመስገን አልን። እንግዴ ልጁን ምን እንደማደርገው ግን አላውቅም። ልጎትት? ልጠብቅ? እናትየው ትደማለች፣ እኔ ቆሜያለሁ። አዋላጇ ባትደርስስ ኖሮ ብዬ ሳስብ እስካሁን ሰውነቴን ይበርደኛል። በሳምንቱ ስለ ሚድዋይፈሪ (አዋላጅነት) ትምህርት ማጠያየቅ ጀመርኩ።

እዚህ ላይ ከሥራ ወደ ትምህርት መሄድ ለምታስቡ አንድ ነገር ልምከራችሁ። አለቃ "ሂጂ፣ ችግር የለም" ስላለ ብቻ እንዳትመዘገቡ። በቃል የተሰጠኝ ፈቃድ ትምህርት ሊጀመር ሲል ተነሳብኝና አንድ ዓመት አለፈኝ። ደብዳቤው ማኅተም አርፎበት እጃችሁ ይግባ።

ትምህርቱ ሐረር ነበር። ሚኒባሱ የደንገጎን ዳገት ሲወጣ የድሬ ሙቀት ከኋላ ይቀራል። ሹራቤን ደርቤ ደብተሬን አወጣለሁ።

ከንባቡ ይልቅ ያስቸገረኝ ያው እጄ ነው። ምጥ ክፍል መጀመሪያ የተሰጠኝ ሥራ እናትየው ሆድ ላይ እጅ አድርጎ 10 ደቂቃ መቀመጥ ነበር። ማህፀኗ ስንት ጊዜ ይጠነክራል? እያንዳንዱ ስንት ሰከንድ ይቆያል? በቃ። ገና በ3ኛው ደቂቃ ተነስቼ ግሉኮስ ላዘጋጅ ስል መምህሬ እጄን ይዛ ቦታው መለሰችው።

"ሲስተር፣ ይህቺ ሴት እኮ አልታመመችም። ምጥ ነው የያዛት።"

6 ዓመት በሽተኛ ሳይ ኖሬ ይህ አዲስ ሆነብኝ። ከዚያ ወዲያ ነው ምጥ ሲመጣ ሆዷ እንደ ድንጋይ ሲጠነክር፣ ሲሄድ ሲላላ በጣቶቼ መለየት የቻልኩት። የልጁን የልብ ምት በየ30 ደቂቃው አዳምጣለሁ፤ በደቂቃ ከ110 እስከ 160 መሆኑን አይቼ የምጡን ሂደት የምንመዘግብበት ፓርቶግራፍ ላይ አሰፍራለሁ። ያንን ወረቀት እንደ ተራ ቅጽ አትዩት። ምጡ ሲጓተት ቀድሞ የሚነግራችሁ እሱ ነው።

ቋንቋም ልመዱ። ምጥ ሲበረታ አማርኛ የምትችለዋም ወደ እናቷ ቋንቋ ትመለሳለች። "ግፊ" በኦሮምኛ "ዺቢ"፣ በሶማልኛ "ሪሕ" መሆኑን ያስተማሩኝ አስታማሚዎች ናቸው።

መምህሬ ከኋላዬ ቆማ፣ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በራሴ እጅ ያዋለድኩት ንጋት ላይ ነበር። ልጁን እናቱ ደረት ላይ አስተኛሁት። ሁለተኛ ልጅ እንደሌለ ሆዷን ዳስሼ አረጋገጥኩ። 1 ደቂቃ ሳይሞላ ማህፀን የሚያኮማትረውን መድኃኒት፣ 10 ዩኒት ኦክሲቶሲን፣ ጭኗ ላይ ወጋሁ። ከዚያ ጠበቅኩ። ማህፀኗ ሲጠነክር በአንድ እጄ ደግፌ፣ በሌላው እትብቱን ቀስ አድርጌ ሳብኩ። እንግዴ ልጁ መጣ። አማቷ በር ላይ ሆና "አልሐምዱሊላህ" ትላለች። እኔ መብራቱ ስር በሁለት መዳፌ ዘርግቼ፣ ውስጥ የቀረ ቁራጭ እንዳይኖር ዳር ዳሩን ገጣጥሜ አየሁት። ሙሉ ነበር።