በቀን ስሕተት የወደቀው ክስ

እግዚአብሔር ያደረገልኝን ስመሰክር እንዴት እንዳደረገው ጭምር በዝርዝር ማስቀመጥ እፈልጋለሁ፤ «ጸለይኩ፣ ክሱም ቀረ» ብዬ ባልፍ በመካከል የደከሙትን ሰዎችና ሕጉ ራሱ የሚከፍታቸውን በሮች እሰውራለሁና።

የተከሰስኩት በንብረት ክፍል ሠራተኛነቴ እምነት በማጉደል ወንጀል ነበር። ዋናው ማስረጃ በእኔ ስም የተፈረመባቸው የዕቃ ወጪ ሰነዶች ሲሆኑ፣ ፊርማው ግን የእኔ አልነበረም። ጠበቃ መያዝ እምነት ማጣት ነው ያሉኝ ወንድሞች ነበሩ፤ አልተቀበልኳቸውም። ጳውሎስም ሲከሰስ ወደ ቄሣር ይግባኝ ብሏል፤ ተከሳሽ ከከሳሾቹ ጋር ፊት ለፊት ሳይቆምና መልስ የሚሰጥበት ዕድል ሳያገኝ አሳልፎ መስጠት የሮማውያን ሥርዓት እንዳልሆነ የሮማ አገረ ገዥው ፊስጦስ መናገሩም በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 25 ተጽፏል።

ጠበቃዬ እንዳስረዱኝ፣ ዐቃቤ ሕግ ማስረጃው ለጥፋተኝነት እንደማይበቃ ሲያምን ክሱን ሊያነሣ ይችላል፤ ፍርድ ቤትም በበኩሉ ድርጊቱ በሕግ ወንጀል ካልሆነ፣ የክሱ ይርጋ (ክስ ሊቀርብበት የሚችለው የጊዜ ገደብ) ካለፈ፣ ወይም በዚያው ጉዳይ ቀደም ሲል የመጨረሻ ፍርድ ከተሰጠ መዝገቡን ሊዘጋ ይችላል። እ.ኤ.አ. በ1966 የጸደቀው የሲቪልና የፖለቲካ መብቶች ቃል ኪዳን አንቀጽ 14 አንድ ሰው በመጨረሻ ፍርድ ባለቀ ጉዳይ ዳግም እንዳይከሰስ ይከለክላል፤ ጥፋተኝነቱ እስኪረጋገጥም እንደ ንጹሕ እንዲቆጠር ያዛል። የተበዳዩ ይቅርታ ግን፣ ብዙ ሰው እንደሚያስበው ሳይሆን፣ በግል አቤቱታ ብቻ ከሚያስከስሱ ወንጀሎች ውጭ ክስን በራሱ አያስቀርም።

የመጀመሪያ መቃወሚያችን ክሱ ድርጊቱ የተፈጸመባቸውን ቀናት ለይቶ አያሳይም የሚል ነበር። ፍርድ ቤቱ መቃወሚያውን ቢቀበልም ዐቃቤ ሕግ ክሱን አሻሽሎ እንዲያቀርብ አዘዘ እንጂ ክሱን አልሰረዘውም። ቤቴ ገብቼ አለቀስኩ፤ ክሱ ፈጽሞ እንዲጠፋ ነበርና የጸለይኩት፣ ይልቁንም ተጠናክሮ ሊመለስብኝ ነው ብዬ ፈራሁ።

የተሻሻለው ክስ ሲመጣ ግን ከተጠቀሱት ቀናት በአንዱ ሆስፒታል ተኝቼ ነበር። የሕክምና ማስረጃዬን አያይዘን ፊርማው በባለሙያ እንዲመረመር ጠየቅን፤ ውጤቱም የእኔ እጅ ጽሑፍ አለመሆኑን አረጋገጠ። በሐሰት የተከሰሰችውን ሶስናን ያዳናት ዳንኤል ከሳሾቿን ሁለቱን ሽማግሌዎች ለየብቻ አቁሞ ከየትኛው ዛፍ ሥር እንዳዩአት መጠየቁና መልሳቸው መለያየቱ ነበር፤ ለእኔም ያቺ ቀን እንደዚያች ዛፍ ሆነችልኝ። መቃወሚያችን እንደ ምኞቴ ክሱን አሰርዞ ቢሆን ኖሮ ቀኑ በጽሑፍ አይሰፍርም ነበር። ዐቃቤ ሕጉ ውጤቱን ካነበቡ በኋላ ክሱን ለማንሣት ፈቃድ ጠየቁ፤ ዳኛዋም ፈቅደው መዝገቡን ዘጉ።

የተነሣ ክስ በነጻ ከመሰናበት እንደሚለይ፣ አዲስ ማስረጃ ከተገኘና ይርጋው ካላለፈ በብዙ አገሮች ሕግ እንደገና ሊቀርብ እንደሚችል ጠበቃዬ ያን ዕለት አስጠነቀቁኝ። ስለዚህ የትእዛዙን ግልባጭ ማኅተም አስመትቼ ወሰድኩ፤ ለዋስትና ያስያዝኩት ገንዘብ እንዲመለስና የጉዞ እግዱ እንዲነሣም አስጻፍኩ። ምስጋናዬን ግን ይርጋው እስኪያልፍ አላቆየሁትም፤ ክብር ለእግዚአብሔር ይሁን።