የአልፕስ ገደል በጠመኔ፦ ተርነርን እየተከተልኩ እንዴት እንደሣልኩ

እንግሊዛዊው ሠዓሊ ተርነር በ1802 እ.ኤ.አ. ወደ አልፕስ ተራሮች ሲዘልቅ የ27 ዓመት ወጣት ነበር። የአሚየን ስምምነት የፈረንሳይንና የእንግሊዝን ጦርነት ጋብ ስላደረገው መንገዱ ተከፍቶለት ነው። ከዚያ ጉዞ ሥራዎች ልቤን የወሰዱት በፈረንሳይ በግሮኖብል ከተማና በግራንድ ሻርትሩዝ ገዳም አካባቢ በጥቁርና በነጭ ጠመኔ የሠራቸው ንድፎች ናቸው። ዛሬ ለንደን ውስጥ በቴት ቤተ ሥዕል ስለሚገኙ ምስላቸውን አጉልቼ፣ ጥድ ያለበትንና ውኃ የሚወርድበትን አንዱን ገደል መርጬ ሣልኩ።

መጀመሪያ ወረቀቱን አዘጋጀሁ። ተርነር አንድ ዓመት ቀደም ብሎ ለስኮትላንድ ንድፎቹ ነጭ ወረቀትን በትምባሆ ውኃና በጥቁር ቀለም ያጠይም እንደነበር ሠዓሊው ጆሴፍ ፋሪንግተን በማስታወሻው መዝግቧል። እኔ በትምባሆው ፈንታ ሻይ አወፍሬ አፈላሁና ጥቂት ጥቁር ቀለም ጠብ አድርጌበት በሰፊ ብሩሽ ቀባሁት። ሲደርቅ ሞቅ ያለ ግራጫ ሆነ።

ከዚህ ሥራ የተማርኩት ትልቁ ነገር እዚህ ላይ ነው። በነጭ ወረቀት ላይ ብርሃኑ ወረቀቱ ራሱ ስለሆነ የምንሠራው ጥላውን ብቻ ነው። ግራጫው ግን መካከለኛውን ድምቀት አስቀድሞ ይሰጠናል፤ የቀረን ወደ ታች ማጥቆር፣ ወደ ላይ ማብራት ነው። ዓይኔን ጨፈን እያደረግሁ ሳየው ከገደሉ ግማሽ ያህሉ ከወረቀቱ ቀለም ጋር አንድ ሆነብኝ። ያንን ክፍል ጨርሶ አልነካሁትም። ቋጥኙ እንዲያ ባዶ ሲቀር ነው ክብደት የሚያገኘው።

ለጥቁሩ ኮንቴ የሚባለውን ጠንካራ የመሣያ ጠመኔ ተጠቀምኩ። በጎኑ አስተኝቼ ቀለል አድርጌ ስጎትተው የወረቀቱን ሻካራ ጫፎች ብቻ እየነካ ያልፋል፤ በመካከል የሚቀሩት ጥቃቅን ክፍተቶች ለጥዱ ጥላ አየር ይሰጡታል። በጣት ቢታሽ ይህ ሁሉ ይጠፋል፤ ስለዚህ እጄን ሰበሰብኩ። ጫፉን ያጠበቅሁት ስንጥቆቹ ላይ ብቻ ነው።

ጥቁሩን ጠመኔ ወረቀቱ ላይ እንዲያጣብቀው ፊክሳቲቭ የሚባለውን ፈሳሽ ረጭቼበት ካደረቅሁ በኋላ ነጩን አነሳሁ። ርጭቱ ነጭ ጠመኔን ስለሚያደበዝዘው ቅደም ተከተሉ ወሳኝ ነው። ነጩን ያሳረፍኩት በሚወርደው ውኃና ፀሐይ ባገኘው የቋጥኝ ጠርዝ ላይ ነው፤ ከጥቁሩ ጋር ሲደባለቅ ስለሚሞት በመካከላቸው ቀጭን የወረቀት መስመር ተውኩ። ውኃው የተንቀሳቀሰው ያን ጊዜ ነው!

አሁን ሰማያዊ ወረቀት እያፈላለግሁ ነው። በዚያ ዘመን ከሰማያዊ ጨርቅ ቅዳጅ ይሠራ ስለነበር ቀለሙ ከክሩ ጋር የተዋሐደ ነበር፤ ለደመና ከዚያ የተሻለ መነሻ አላውቅም።