ከደቅ ወደ ባሕር ዳር፣ ያለ ስልክ

ከደቅ ደሴት የተነሣነው ከሌሊቱ 10 ሰዓት ነው። ጣና ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ስለሚበረታ ማለዳውን መረጥን። መንገዱን ስልኬ ይመራኛል ብዬ ነበር። ግማሽ ሰዓት ሳንሄድ ግን ካርታው ላይ ያለችው ነጥብ መዝለል ጀመረች። አንዴ ውሃ ላይ፣ አንዴ ከባሕር ዳር በስተሰሜን ምዕራብ ባለው የዘጌ ልሳነ ምድር ጫካ ውስጥ ታስቀምጠናለች።

«ጋሼ፣ ይሄ ነገር እየዋሸ ነው» አልኳቸው አብረውኝ ለነበሩት አንጋፋ ባለጀልባ።

«እንግዲያው ዝጋውና ቀና በል፣ ልጄ።»

ቀና አልኩ። የሰሜን ኮከብ ከኋላችን ነበረች። የዚህች ኮከብ ከአድማስ ያላት ከፍታ ካላችሁበት ኬክሮስ (ከምድር ወገብ ያላችሁበት ርቀት በዲግሪ) ጋር እኩል ነው ማለት ይቻላል። ባሕር ዳር 11.6 ዲግሪ ላይ ስለሆነች ኮከቧ እኛ ዘንድ ዝቅ ብላ ነው የምትታየው። ክንዳችሁን ዘርግታችሁ ጭብጣችሁን አድማሱ ላይ ብታሳርፉ፣ ከጭብጣችሁ ትንሽ ከፍ ብላ ታገኟታላችሁ። ከተማዋ ከደቅ በስተደቡብ፣ ጥቂት ወደ ምሥራቅ ስለሆነች ኮከቧን ከግራ ትከሻዬ ኋላ አድርጌ ነዳሁ። ኮምፓሱን ሞተሩ አጠገብ አስቀምጬው መርፌው ተዛብቶ ነበር። ከብረቱ ሳርቀው ከኮከቧ ጋር ተስማማ።

ፍጥነታችንን ሐይቁ ዳር በሚበቅለው ተክል፣ በደንገል ለካን። ጋሼ ቁራጩን ከፊት ይጥላሉ፣ እኔ እቆጥራለሁ። ጀልባዋ 8 ሜትር ናት፤ ደንገሉ ከፊት እስከ ኋላ 3 ሰከንድ ፈጀበት። በሰዓት ከ9 ኪሎ ሜትር በላይ ማለት ነው። በየግማሽ ሰዓቱ ፍጥነታችንንና የተጓዝነውን ርቀት ደብተር ላይ ጻፍኩ።

ሲነጋ ጭጋግ ወረደ፤ ኮከብም ዳርቻም የለም። በኮምፓሱ ቀጥታ ወደ ከተማዋ ልሄድ ስል ጋሼ ከለከሉኝ።

«ከተማዋን ተዋት። ዘጌን ፈልግ።»

ያኔ ነው የገባኝ። ከደቅ ባሕር ዳር 37 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። አምስት ዲግሪ ብቻ ብንስት ከሦስት ኪሎ ሜትር በላይ ወደ ጎን እንወጣለን። በጭጋግ ውስጥ ዳርቻ ብናገኝ እንኳ ወደ ግራ ይሁን ወደ ቀኝ የምንታጠፈው አናውቅም። ሆን ብለን ወደ ቀኝ፣ ወደ ዘጌ ካጋደልን ግን መታጠፊያው ግራ ብቻ ነው! ይህን የሚያህል ነገር እስከዚያ ቀን ማንም አልነገረኝም ነበር።

ከተነሣን ሦስት ሰዓት ሊሞላን ሲል ከጭጋጉ ውስጥ ጥቁር ነገር ብቅ አለ። የዘጌ ጫካ ነው። ደብተሬም እዚያ አካባቢ እንዳለን ይናገራል። ወደ ግራ ታጠፍን፣ ዳርቻውን በቀኝ እያየን እስከ ባሕር ዳር ወረድን።

አሁን ስልኩ ቢሠራም ደንገሉን እጥላለሁ፤ ደብተሩንም እጽፋለሁ።